ዕጢው አልቀነሰም፤ መድኃኒቱ ግን እየሠራ ይሆን?

በዚህ ዕትም ከሐዋሳ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን አንድ ላይ አቅርቤአቸዋለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት ጉበቱ ላይ ዕጢ ያለበት ሰው መድኃኒት እየወሰደ ሲመረመር የምስሉ ውጤት እንዴት እንደሚነበብ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ረጅም ስለነበር ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

ጥያቄ፦ «የተከበሩ ዶክተር፣ አባቴ የ61 ዓመት ሰው ናቸው። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ሳናውቅ ለብዙ ዓመታት ቆይተን ባለፈው ዓመት ጉበታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና የሚወጣ አይደለም ስለተባለ ሶራፌኒብ የተባለውን የሚዋጥ መድኃኒት ጀመሩ። ከመጀመራቸው በፊት አዲስ አበባ ሄደው በተነሱት ኤም አር አይ ዕጢው 7.2 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከአሥር ሳምንት በኋላ እዚያው ተመልሰው ሲነሱ 7.4 ሆነ። እኔና ወንድሞቼ ደንግጠን ሳለን ሐኪማቸው ወረቀቱን አንብበው ‹ጥሩ ነው፣ መድኃኒቱን ይቀጥሉ› አሉን። ወረቀቱ ላይ ‹ሕያው ክፍሉ ከ6.5 ወደ 4.1 ቀንሷል› የሚል አለበት። መዳፋቸውና የእግራቸው ውስጥ ተላልጦ መራመድ አስቸግሯቸዋል፤ ዘመዶቻችንም ‹ዕጢው እያደገ ሰውየውን በመድኃኒት ለምን ታሰቃያላችሁ› ይሉናል። ዕጢው ካደገ መድኃኒቱ እንዴት ሠራ ይባላል? ቀጣዩንስ እዚሁ በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ ብናሠራው ምን ይጎድላል?» — ሶ.፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ሐኪማችሁ ወረቀቱን በትክክል አንብበውታል። 7.2 የነበረው 7.4 ሆኖ ሲመጣ መደንገጥ የማንም ቤተሰብ ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ካሉት ሁለት ጥንድ ቁጥሮች ስለ መድኃኒቱ ሥራ የሚናገረው ሁለተኛው ጥንድ፣ ማለትም 6.5 እና 4.1 ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

ካንሰር ለመድኃኒት ምላሽ መስጠት አለመስጠቱ ለረጅም ጊዜ ሲለካ የኖረው በማስመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ወጥቶ በ2009 የተሻሻለው ሬሲስት የተባለው መለኪያ ዕጢዎቹን በረጅሙ ጎናቸው ለክቶ ይደምራል፤ ድምሩ 30 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ምላሽ ሰጥቷል»፣ 20 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካደገ «ብሶበታል»፣ በሁለቱ መካከል ከዋለ ደግሞ «ባለበት ነው» ይላል። በዚህ በአሮጌው ማስመሪያ እንኳ ቢሆን የአባትዎ ዕጢ የጨመረው ከ3 በመቶ በታች ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ማለት ያንኑ ምስል እኔ ራሴ ጠዋት ለክቼው ከሰዓት በኋላ ብደግመው ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው፤ ስለዚህ «አደገ» የሚለውን ቃል በቅድሚያ ከቤታችሁ አውጡት።

ማስመሪያው የተቀረጸው በአመዛኙ ሴሎችን በቀጥታ ለሚገድሉትና ዕጢውን ለሚያከስሙት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች ነው። ሶራፌኒብ ግን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ዕጢ ሲያድግ ለራሱ አዳዲስ የደም ቧንቧዎችን ያበቅላል፤ መድኃኒቱ ይህን የማብቀል ትእዛዝ የሚያስተላልፉትን ፕሮቲኖችና ሴሉ እንዲባዛ የሚገፋፉትን መርጦ ይዘጋል፤ ዒላማ ተኮር ሕክምና የሚያሰኘውም ይኸው መምረጡ ነው። ደም ያጠረው ዕጢ ከውስጡ መሞት ይጀምራል፤ የሞተው ሥጋ ግን ወዲያው ተጠርጎ አይወጣም፤ ውኃ፣ የረጋ ደምና ፍርስራሽ ሆኖ እዚያው ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ዕጢው ለጊዜው አብጦ ሰፋ ያለ መስሎ ይታያል። በሲዳማ ጓሮ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው፣ ውስጡ መበስበስ የጀመረ እንሰት ግንዱ በአንድ ሳምንት አይቀጥንም፤ ዙሪያውን በገመድ የለካው ሰው ስለ ውስጡ ምንም አያውቅም።

ሶራፌኒብ ለጉበት ካንሰር መዋል የጀመረበት ትልቁ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታተም 602 ሕሙማንን የያዘ ነበር። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በማስመሪያው «ምላሽ ሰጥቷል» ለመባል የበቁት 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሆኖም የኖሩበት ጊዜ መካከለኛ ቁጥር 10.7 ወር ሲሆን ማስመሰያ ክኒን የወሰዱት ግን 7.9 ወር ነበር። ይህ ቁጥር ለአንድ ቤተሰብ ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም፤ መካከለኛ ቁጥር ስለሆነ ከእርሱ በላይም በታችም የኖሩ አሉ፤ ስለ አባትዎ የተነገረ ትንቢትም አይደለም። የጻፍኩት ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማስመሪያው ከመቶ ዘጠና ስምንቱን «ምላሽ አልሰጡም» ባለበት ሁኔታ መድኃኒቱ ዕድሜ አራዝሟል። ማስመሪያው የማያየው ጥቅም ነበረ ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2010 ለጉበት ካንሰር ተብሎ የተሻሻለው ሬሲስት ቀረበ። የመቶኛ ድንበሮቹ ያው ናቸው፤ የሚለካው ግን የዕጢው ሙሉ ስፋት ሳይሆን ደም እየደረሰው በሕይወት ያለው ክፍል ብቻ ነው። በአባትዎ 6.5 የነበረው 4.1 ሲሆን የቀነሰው 37 በመቶ ገደማ ነው፤ 30ን ስላለፈ «በከፊል ምላሽ ሰጥቷል» ይባላል። ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ሌንቫቲኒብ በተባለ ሌላ የጉበት ካንሰር መድኃኒት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ጥሩ አድርጎ ያሳያል፤ የእነዚያኑ ሕሙማን ምስሎች ገለልተኛ አንባቢዎች በአሮጌው ማስመሪያ ሲለኳቸው ሌንቫቲኒብ ከወሰዱት 18.8 በመቶው፣ በተሻሻለው ሲለኳቸው ደግሞ 40.6 በመቶው ምላሽ ሰጥተው ተገኝተዋል። ሰዎቹም ምስሎቹም አንድ ናቸው።

እንግዲህ ሕያው የሆነው ከሞተው እንዴት ተለየ? ጉበት ሁለት የደም ምንጭ አለው። ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከአንጀት ከሚመጣው ፖርታል ከተባለው ቧንቧ ሲሆን ቀሪውን ከደም ቅዳ ቧንቧ ያገኛል። ከራሱ ከጉበት ሴል የሚነሳው ካንሰር ግን በአመዛኙ የሚመገበው ከደም ቅዳው ነው። ኮንትራስት የምንለው ጋዶሊኒየም ያለበት መርፌ በክንድ ሲሰጥ መጀመሪያ ጉበት የሚደርሰው በዚሁ ደም ቅዳ በኩል ስለሆነ፣ በ30 ሰከንድ አካባቢ በሚነሳው ምስል ላይ ሕያው ዕጢ ገና ባልበራ ጉበት መካከል ነጭ ሆኖ ይታያል። አንድ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ጉበቱ ሲበራ ዕጢው በአንጻሩ ይደበዝዛል። የሞተው ክፍል በሁለቱም ጊዜ አይበራም። እንደ አባትዎ ባለ ዕጢ ከመድኃኒቱ በፊትና በኋላ በ30 ሰከንዱ የተነሱትን ሁለት ምስሎች ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የፊተኛው ከሞላ ጎደል ሙሉ ነጭ ክብ ሲሆን የኋለኛው መሐሉ ጠቁሮ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ ነጭ ጠርዝ ይቀርበታል። መለኪያዬን የማሰምረው በዚያ ጠርዝ ላይ፣ የሞተውን ክፍል ሳላቋርጥ ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው ደም ነው። መድኃኒቱ ዕጢውን ሲያፍነው ውስጡ ሊደማ ይችላል፤ የረጋ ደም ደግሞ ኮንትራስት ሳይሰጥም በኤም አር አይ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። ችኩል ዓይን ይህን «ሕያው ነው» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። መፍትሔው ከመርፌው በፊት የተነሳውን ምስል ከመርፌው በኋላ ከተነሳው ላይ በኮምፒውተር መቀነስ ነው፤ ከቅነሳው በኋላ ነጭ ሆኖ የሚቀረው በእርግጥ ደም የደረሰው ብቻ ይሆናል። ሕመምተኛው በሁለቱ ምስሎች መካከል ከተነቃነቀ ወይም ትንፋሹን በተለያየ ቦታ ከያዘ ግን ቅነሳው ይበላሻል።

ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜ ነው፤ በእርሱም እኔ ራሴ ወድቄበታለሁ። ከዓመታት በፊት፣ የት እንደነበር ይቅርና፣ የአንድ ሕመምተኛ ዕጢ ከበፊቱ እጅግ ደብዝዞ ስላየሁት «ግሩም ምላሽ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ምስሉን እንደገና ስከፍተው ከጉበት ደም የሚያወጡት የደም መልስ ቧንቧዎች በ«ደም ቅዳው ምስል» ላይ ቀድመው በርተው አየሁ። በትክክለኛው ሰዓት ቢነሳ ኖሮ እነርሱ ገና ጨለማ መሆን ነበረባቸው፤ ምስሉ ዘግይቶ በመነሳቱ ዕጢው የሚበራበት ቅጽበት አልፎ ነበር። ደውዬ ሪፖርቱን አስቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ዕጢውን ከማየቴ በፊት እነዚያን ቧንቧዎች ሳላይ አላልፍም።

ከኮንትራስቱ ሌላ ዲፊውዥን የሚባል፣ የውኃን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምስል አለ። ሴሎች ታጭቀው ባሉበት ሕያው ዕጢ ውስጥ ውኃ መንቀሳቀሻ ያጣል፤ ሴሎቹ ሲፈርሱ ይለቀቃል፤ ይህም በቁጥር ይለካል። ጠቃሚ ረዳት ነው፤ ነገር ግን ቧንቧ በሚያፍኑ መድኃኒቶች መጀመሪያ ሳምንታት ዕጢው በመድማቱ ምክንያት ቁጥሩ ሊያሳስት ስለሚችል እርሱን ብቻ ይዤ ፍርድ አልሰጥም። አልፋ ፌቶ ፕሮቲን የተባለው የደም ምርመራ ከመጀመሪያው ከፍ ብሎ ከነበረ የእርሱም መውረድ ከምስሉ ጋር አብሮ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ልሸሽግዎ አይገባም። የአባትዎ ሕያው ክፍል 37 በመቶ ቢቀንስም፣ በቀጣዩ ምርመራ በሌላ የጉበት ክፍል ከአንድ ሳንቲ ሜትር የበለጠና የካንሰሩን ጠባይ የያዘ አዲስ ዕጢ ቢገኝ ወይም ዕጢው ወደ ፖርታል ቧንቧው ገብቶ ቢታይ፣ የቀድሞው መቀነስ ውጤቱን «ብሶበታል» ከመባል አያድነውም። የየሁለትና ሦስት ወሩ ምርመራ የሚደረገው ለዚህም ጭምር ነው።

ሲቲ ስካንን በተመለከተ፣ በደም ቅዳና በፖርታል ሰዓቶች በየተራ የተነሳ ሲቲ ስካን ሕያው ክፍሉን ለመለካት ይበቃል፤ በብዙ አገር የሚሠራበትም እርሱ ነው። ቅሬታዬ መሐል ላይ መቀየሩ ነው። በኤም አር አይ የተለካ 4.1 በሲቲ ስካን 4.6 ሆኖ ቢመጣ ዕጢው ይሁን መሣሪያው የተለወጠ ለመናገር ይቸግራል። አቅም ወይም ርቀት ካስገደዳችሁ ግን ቀይሩት፤ የመጀመሪያውን ሲቲ ስካን እንደ አዲስ መነሻ ቆጥራችሁ ከዚያ ወዲያ በእርሱ ቀጥሉ። ተራው አልትራሳውንድ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ስፋትን እንጂ ሕያውነትን አያሳይምና። በሆድ ውስጥ ውኃ መኖሩን ለማየት፣ እንዲሁም ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸውን በየስድስት ወሩ ለመከታተል ግን ጥሩ መሣሪያ ነው። በነገራችን ላይ እርስዎና ወንድሞችዎ የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ካላደረጋችሁ በዚህ ሳምንት አድርጉ።

በኤም አር አይ ከቀጠላችሁ አባትዎን ለትንፋሹ አዘጋጇቸው። በማሽኑ ውስጥ ባለሙያው «ትንፋሽ ያውጡ፣ ይያዙ» ሲሏቸው ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ሳይነቃነቁ መቆየት አለባቸው፤ ይህም ደጋግሞ ይመጣል። ከመናኸሪያ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የደረሰ የደከመ ሰው በጩኸቱ መካከል ትእዛዙን ለመስማት እንኳ ይቸገራል። ከቀናት በፊት ቤት ውስጥ በጀርባቸው አስተኝታችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አለማምዷቸው፤ ከተቻለም ዋዜማውን አዲስ አበባ ይደሩ።

የመዳፍና የውስጥ እግር መላላጥ የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጉዳት ነው። ለሐኪማቸው ንገሩ፤ መጠኑን ቀንሰው ወይም ለጥቂት ቀናት አቁመው እንደገና ማስጀመር የተለመደ አሠራር ነው። በራሳችሁ አታቋርጡ። ለዘመዶቻችሁም 6.5 እና 4.1ን አሳዩአቸው።

ጥያቄ፦ «እናቴ ጂስት የተባለ የጨጓራ ዕጢ ወደ ጉበት ተሰራጭቶባቸው ኢማቲኒብ ይወስዳሉ። ከሁለት ወር በኋላ በሲቲ ስካን ሲታዩ ቀድሞ ያልነበሩ ሁለት ዕጢዎች ጉበታቸው ላይ ታይተዋል ተባለ፤ እርሳቸው ግን ተሽሏቸው እህል መብላት ጀምረዋል። አሁን ኤም አር አይ ታዟል። ምስሉን እንመን ወይስ እናቴን?» — ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ እናትዎን በመጠርጠር አይጀምሩ። ከሕክምናው በፊት በጉበት ያለ የጂስት ዕጢ በሲቲ ስካን ከጉበቱ ጋር እኩል በርቶ ሊደበቅ ይችላል። ኢማቲኒብ ሲያገኘው ውስጡ ወደ ውኃነት ይለወጥና ይጠቁራል፤ በዚያን ጊዜ ከበስተጀርባው ይለይና «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል። ዕጢው የቆየ ነው፤ የታየው ግን በመሞቱ ነው። በዚህ መድኃኒት ዕጢዎች እየሞቱ ሊሰፉም ይችላሉ፤ በዚህ የተነሳ ቾይ የተባሉ ባለሙያና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ለጂስት ሌላ መለኪያ አቅርበዋል፤ በእርሱ ስፋቱ 10 በመቶ ወይም በሲቲ ስካን የሚለካው ጥግግቱ 15 በመቶ ከቀነሰ መድኃኒቱ እንደሠራ ይቆጠራል። 30 በመቶን የሚጠብቅ ሰው ይህን ሁሉ «ባለበት ነው» እያለ ያልፈው ነበር።

ኤም አር አይ መታዘዙ ተገቢ ነው። ሁለቱ ዕጢዎች እንደ ውኃ ያሉ፣ ጠርዛቸው ልስልስ፣ ኮንትራስቱ ውስጣቸው የማይገባ ሆነው ከተገኙ ወሬው መልካም ነው። የምፈራው ሌላ ምልክት አለ፤ በሞተው ጥቁር ክብ ውስጥ፣ ከግድግዳው ላይ እንደ ትንሽ ሽንብራ ፍሬ የምትበራ ጉብታ ከታየች፣ የክቡ ጠቅላላ ስፋት ምንም ባይጨምር እንኳ መድኃኒቱን የተላመደ ካንሰር ከዚያ መነሳቱ ሊሆን ይችላል። ምስሉን የሚያነቡት ሐኪም እናትዎ ኢማቲኒብ ላይ መሆናቸውንና የጀመሩበትን ቀን ማወቅ አለባቸው፤ በማዘዣው ላይ «የጉበት ዕጢ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ተመልሳችሁ አስጽፉት።

ጥያቄ፦ «በ1982 ዓ.ም. ወታደር ሳለሁ የፈንጂ ፍንጣሪ ጭኔ ውስጥ ቀርቷል። አሁን ለጉበት ካንሰር መድኃኒት እየወሰድኩ ለክትትል ኤም አር አይ ታዘዘልኝ። ማግኔቱ ፍንጣሪውን ይስበዋል ይሉኛል፤ ኩላሊቴም ትንሽ ደካማ ነው። ልተወው?» — ከመሀል ከተማ

መልስ፦ አይተዉት፤ ነገር ግን ከመግባትዎ በፊት ይናገሩ። ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ያለው 1.5 ቴስላ ማሽን ጉልበቱ ከምድር ማግኔታዊ መስክ 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ እርሳስና መዳብን አይስብም፣ ብረትን ግን ይስባል፤ የፈንጂ ፍንጣሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት ነው። ወሳኙ ያለበት ቦታ ነው። ዓይን ውስጥ፣ አከርካሪ አጠገብ ወይም ትልቅ የደም ቧንቧ ላይ ከሆነ አደገኛ ነው፤ በጭን ጡንቻ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ጠባሳ የሸፈነው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃድ ይሰጠዋል። ውሳኔው የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ነው፤ ለእርሱም አስቀድሞ የጭንዎ ራጅ ያስፈልገዋል። ውስጥ ሳሉ ጭንዎ ቢሞቅ ወይም የመሳብ ስሜት ቢሰማዎት የሚሰጥዎትን የእጅ መጥሪያ ይጫኑ፤ ማሽኑን ያቆሙታል።

ለኩላሊትዎ፣ ክሬቲኒን የተባለውን የኩላሊት የደም ምርመራ ተሠርተው የኩላሊቱ የማጣራት ጉልበት በስሌት ይውጣ። ከ30 በታች ከሆነ ቀደም ሲል ይሠራባቸው የነበሩት አንዳንድ የጋዶሊኒየም ዓይነቶች ቆዳንና የውስጥ አካልን የሚያደርቅ ብርቱ ሕመም ስላስከተሉ አይሰጡም፤ ዛሬ ጋዶሊኒየሙ በቀለበት መሰል ሞለኪውል የታሰረባቸውን መምረጥ ይቻላል፤ በእነርሱ ሥጋቱ እጅግ አነስተኛ ነው። መርፌው ፈጽሞ አይሰጥ ቢባል እንኳ ኤም አር አይ ከንቱ አይሆንም፤ ዲፊውዥኑና ያለ ኮንትራስት የሚነሱት ምስሎች ይቀራሉ፤ ንባቡ ግን በእርግጠኝነቱ ያንሳል፤ ያለፈው ጊዜ በኮንትራስት ከነበረም ሁለቱን ማነጻጸር ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ቀጠሮው ሲሄዱ የክሬቲኒኑን ውጤት፣ የጭንዎን ራጅና ያለፈውን ምርመራ ሲዲ ይያዙ። ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ ሕያው ክፍሉን እንደገና መለካት የምንችለው ከሲዲው ላይ ነው።